ከጋፋት እቶን እስከ ሮቤ በያጅ

ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው በጋፋት ከሰበሰቧቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ መድፍ ቀልጦ ሲወጣ አይተው አያውቁም ነበር። እቶኑ እየፈረሰባቸው፥ እየደጋገሙም እየሞከሩ፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ።

ባለሙያ ከባሕር ማዶ መፈለጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልንን ሰው «ቡዳ» እያልን ከማኅበር አርቀነው ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፥ ስድቡ ዐዋጁን ተሻግሮ ቆየ።

ዛሬ በባሌ ሮቤ ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር ሲሰበር የሚፈለገው በያጅ ነው። ለጀማሪው፥ በንግግር ሲጠይቁት የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ይሆነዋል ይባላል። ስለ ኤሌክትሮድ ምርጫ ይመልስለት ይሆናል፤ የእጁን ፍጥነት ግን የሚያርመው አጠገቡ የቆመ ባለእጅ ነው። መልሱም በኦሮምኛ ሊሆን ይገባል፤ ቱምቱ የሚባሉት የአገሩ ቀጥቃጮች ሙያውን ሲያወርሱ የኖሩት በዚያው ቋንቋ ነውና።