የበርና የመስታወት ጎማ፣ የውስጥ ልብስም፦ አሮጌ መኪና በደጋ አገር ሲታደስ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሜዳዋ ውርጭ ይለብሳል፤ ረፋድ ላይ ያው ሜዳ በጠራራ ፀሐይ ይጋያል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር የሚደርስ፣ ወይም የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚያቆለቁል መንገደኛ በቀትር መብራት የሚያስበራ ጉም ያጋጥመዋል። በእንዲህ ያለ አገር ሰው በርኖሱን ደርቦ፣ ባናውን ተከናንቦ ያድራል። መኪናን ግን ከዚህ ሁሉ የሚከልለው በበሮቹና በመስታወቶቹ ዙሪያ የተሰካው ጎማ ነው።

ጎማ ሲባል በዚህ ጽሑፍ የሚሽከረከረው አይደለም። በር ሲዘጋ ከላሜራው ጋር የሚጋጠመው፣ የፊትና የኋላ መስታወትን አቅፎ የሚይዘው፣ የሞተር ክፍሉን ከተሳፋሪው የሚለየው ለስላሳ ጠርዝ ነው። ሲያረጅ ድምፅ ስለማያሰማ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያስበውም። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፤ ሞተር ሲደክም ያጨሳል። የበር ጎማ ግን ውሃውን ቀስ እያለ አስገብቶ፣ ወለሉ በምንጣፍ ሥር ከዛገ በኋላ ነው ጉዳቱ የሚታየው።

ታሪኩን ብናነሣ፣ ወደ አገራችን ቀድሞ ገባ የሚባለው አውቶሞቢል ቢዲ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ ነው። ያን ጊዜ ንጉሡ አንኮበርን ከለቀቁ ቆይተዋልና መኪናው የገባው ወደ አዲስ አበባ ነበር። ዛሬ በየጋራዡና በየግቢው ተሸፍነው የምናያቸው አሮጌ መኪኖች ግን አብዛኞቹ በንጉሡ የመጨረሻ ዘመንና በደርግ ጊዜ የገቡ ናቸው፤ ቮልስዋገን፣ ላንድሮቨር፣ ፔጆ፣ ፊያት፣ ኋላም ላዳ። እነዚህን ማደስ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

ጎማ ለምን ይሞታል? በፀሐይ ውስጥ ያለው አልትራ ቫዮሌት ጨረርና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ጎማውን ያደርቁታል፤ ከዚያ ጎንበስ በሚልበት ቦታ ሁሉ እንደ ክረምት ተረከዝ ይሰነጠቃል። ጨረሩ ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ደጅ የሚያድር መኪና ከባሕር ዳርቻ ከሚያድረው ይልቅ በአንድ አራተኛ የሚበልጥ ጨረር ይወርድበታል ማለት ነው። የሌሊቱ ውርጭና የቀኑ ሙቀት ላሜራውንና ጎማውን በተለያየ መጠን ያሳጥራቸዋል፣ ያስረዝማቸዋል። የፒስታ መንገድ አቧራ ደግሞ በመካከላቸው ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

መኪናው ያፈሰሰው ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ጎማ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በጎማ ቱቦ ወይም በጆግ ውሃ ያፍስስ። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ከጣሪያው ከተጀመረ ውሃው በሁሉም ቦታ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ መለየት አይቻልም። ለበር ሌላ ቀላል ፈተና አለ። የአንድ ብር ኖት የሚያህል ወረቀት በር ላይ አድርጎ ከዘጉ በኋላ መሳብ ነው፤ ያለ ተቃውሞ የሚወጣ ከሆነ ጎማው እዚያ ላይ አይነካም። ጎማው ላይ ጠመኔ ቀብቶ በሩን መዝጋትም ይቻላል፤ ጠመኔው ላሜራው ላይ ያልታተመበት ቦታ ክፍተት ነው። ክፍተቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ በአብዛኛው ጥፋቱ የጎማው ሳይሆን የተዛነፈው ማጠፊያ ነው፤ አዲስ ጎማ አያድነውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር፣ የሚሳሳትበትን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። የበር ውስጥ ውሃ ይገባበታል፤ እንዲገባበትም ሆኖ ነው የተሠራው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው መስታወት በውጭ በኩል የሚጠርገው ጎማ ቢኖረውም፣ ጥቂት ውሃ በጎኑ ይወርዳል። ያ ውሃ በበሩ ሆድ ውስጥ አልፎ ከግርጌ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀለም ቀቢው ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ወይም በቀለም ከደፈናቸው በሩ ከውስጥ እንደ ጋን ውሃ ይይዝና ከግርጌው ይበሰብሳል። በሌላ በኩል፣ ከውስጠኛው የበር ልብስ በስተኋላ ፋብሪካው የለጠፈው የፕላስቲክ ወይም የሰም ወረቀት አለ። ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ሲገጠም ወይም መስታወት ማውረጃው ሲጠገን ይቀደዳል፤ የሚመልሰው የለም። ከዚያ በኋላ የበሩ ልብስ እያበጠ፣ እየቆሰለ፣ ሚስማሮቹን እየለቀቀ ይሄዳል፤ ባለቤቱም በየዓመቱ የበር ልብስ ያሰፋል። መድኃኒቱ አንድ ሜትር ወፍራም ላስቲክና ጥቂት ማጣበቂያ ነው።

በቮልስ ውሃ የሚያጠቃው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱትን የሙቀት አየር ማስተላለፊያ ሳጥኖች፣ የወለሉን ጠርዝና ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ ማስቀመጫ ነው። ላንድሮቨር አካሉ የአሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ አይዝግም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሻንሲው፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ግድግዳና የበሮቹ አጽም ብረት ናቸው፤ አሉሚኒየምና ብረት በእርጥበት ሲገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። በቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ከፊት መስታወቱ ግርጌ አየር ለማስገባት የሚከፈቱት ሁለት ክዳኖች የራሳቸው ጎማ አላቸው። የሾፌሩ ጉልበት በዝናብ የሚረጥብ ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ጎማ ሲገዛ የመኪናውን ዓመት ማወቅ ግድ ነው። ቮልስ ሁሉ ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን የኋላው መስታወት እ.አ.አ. እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ፣ ከ1958 ሞዴል ጀምሮ አራት ማዕዘን ነው። በ1965 ሞዴል መስታወቶቹ ሁሉ ሰፉ። በ1973 ሞዴል የመጣው 1303 ደግሞ የፊት መስታወቱ የተቆለመመ ነው። የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም፤ ተስቦ ወይም ተቆርጦ ቢገባም ማዕዘኑ ላይ ያፈስሳል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ ስለማይታመን፣ በቮልስ ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ጉብታ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አይቶ ማመሳከር ይበጃል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ የሚወርድ ሰው አሮጌውን ጎማ ቆርጦ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል፤ በቅርጹ ማስተያየት በስም ከመጠየቅ ይሻላል። ከሌላ መኪና የወጣ ያገለገለ ጎማ ግን፣ ርካሽ ቢሆንም፣ አይመከርም። ቅርጹን ያለፈው ላሜራ ላይ ይዞ ደርቋል። ጎማውን ጎንበስ አድርገው ሲያዩት ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ፣ በማሸጊያ ያለ «አዲስ» ቢሆንም እንኳ መጋዘን ውስጥ አርጅቷል ማለት ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ ወጪ የሚያበዛውም ይህ ሲጣስ ነው። ዝገት ተቆርጦ ላሜራ ይበየዳል፣ የዝገት መከላከያና ቀለም ይቀባል፣ ቀለሙ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ የጣሪያው ልብስ ይገባል። በቮልስ የጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ የሚታጠፈው የመስታወቱ ጎማ በሚቀመጥበት ከንፈር ላይ ስለሆነ፣ መስታወት ቀድሞ የገጠመ ሰው ጣሪያውን ለማልበስ ሁሉንም እንደገና ያወጣል። ወለልና ምንጣፍ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

መስታወት ለመግጠም የሚያስፈልገው ሁለት ሰው፣ ሦስት ሜትር የማያንስ ጠንካራ ገመድና የሳሙና ውሃ ነው። ጎማው መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይለብሳል፤ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ካለው ጌጡም መስታወቱ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ጎማው ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ማስገባት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቀጥሎ ገመዱ በጎማው የውስጥ ስንጥቅ ዙሪያውን ይገባና ሁለቱ ጫፎች ግርጌው መሐል ላይ ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። አንዱ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ሲስብ የጎማው ከንፈር በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ይገባል። ካቻቢቴ እዚህ ላይ ጠላት ነው፤ ጎማውን ይቀድዳል፣ ቀለሙን ይጭራል፣ መስታወቱንም ከጠርዙ ያስነሣዋል። በደብረ ብርሃን ጠዋት ጎማ እንደ ቆርበት ስለሚደርቅ ሥራውን ለቀትር ማቆየት፣ ጎማውንም ለብ ባለ ውሃ መንከር ግማሽ ድካም ይቀንሳል።

የበር ጎማ ግን ይለጠፋል። አሮጌው ማስቲሽ እስኪጠራ ተፍቆ ላሜራው መድረቅ አለበት። ማስቲሽ በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ እጅ የማይዝ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ከዚያ ሳይሳብና ሳይለጠጥ ይቀመጣል። ማዕዘን ላይ የተለጠጠ ጎማ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ክፍተት ይተዋል።

ለማብረቅ ሲባል ጎማ ላይ ናፍታ፣ ግሪስ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ለአንድ ሳምንት ያምራል፤ ከዚያ የነዳጅ ዘይት ዘር ሁሉ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን በጨርቅ ተነክሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና ከውርጭ በፊት፣ ቢቀባ ይበቃል። ይህ ለቮልስ ብቻ አይደለም፤ ለአይሱዙም፣ ጎጆ ላለው ትራክተርም ይሠራል።

ወደ ውስጥ ልብስ እንግባ። አካባቢው የበግ አገር ነውና ወለሉን በሱፍ ማልበስ ለብዙዎች ቀድሞ የሚመጣ ሐሳብ ነው። ሱፍ ሙቀት ይይዛል፣ ድምፅም ይውጣል። ይሁን እንጂ ከክብደቱ ሢሶ የሚጠጋ ውሃ ጠጥቶ ለእጅ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የሚያፈስስ መኪና ላይ የተነጠፈ የሱፍ ምንጣፍ ዝገት ይደብቃል እንጂ አይከላከልም፤ ብልም ይወደዋል። ማፍሰሱ በሙከራ መቆሙ ሳይረጋገጥ ምንም ዓይነት ምንጣፍ፣ በተለይም የሚጣበቅ፣ ባይነጠፍ ይሻላል። ለበር ልብስ ጀርባ የሚሆነው ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጠርዙና ጀርባው በቀለም ወይም በቫርኒሽ ካልታተመ ግን እንደ ወረቀት ውሃ ይስባል። ቆዳ ለሚፈልግ የከብት ቆዳ ይመረጣል፤ የአገራችን የበግ ቆዳ ለጓንትና ለልብስ የተመሰገነው በስስነቱ ነውና የወንበር መቀመጫ ላይ ቶሎ ይቀደዳል።

ሁለት ነገሮች ከምቾት ያለፉ፣ የሕይወት ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው የቮልስ ባትሪ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ የወንበሩ ሽቦ ምንጭ ደግሞ በቀጥታ ከላዩ ነው። የቀድሞው የወንበር ሙሊት የፈረስ ጭራና የኮኮናት ጭረት ስለሆነ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ ወይም ቁመቱ የረዘመ ባትሪ ገብቶ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት፣ ሽቦው ሁለቱን ምሰሶዎች ነክቶ እሳት ያስነሣል። ወንበር ሲታደስ ክዳኑን መመለስ፣ ከሌለም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ወፍራም ጎማ ማልበስ የግድ ነው። መኪናው እህል ጎተራ አጠገብ ቆሞ የከረመ ከሆነ ደግሞ ሙሊቱ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም በልታ እንደሆነ ማየት ያሻል።

ሁለተኛው የሞተር ክፍል ጎማ ነው። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ከታች ያለውን የጋለ አየር ወደ ላይ እንዳይመለስ ይከለክላል። ሲጠፋ ሞተሩ የራሱን ሙቀት ደግሞ ይስባል፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ፣ በጣርማበር ዳገት ላይ፣ ይህ ሞተር ይገድላል። ሰው የሚገድለው ግን ሌላው ነው። የመኪናው ማሞቂያ የሚያመጣው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ሞቆ የሚመጣ አየር ነው። የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ቀዳዳ ካለው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። በብርድ ሌሊት መስታወት ዘግቶ፣ ማሞቂያ ከፍቶ የሚነዳ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ወዲያው መኪናውን አቁሞ ተሳፋሪውን ሁሉ አስወርዶ ንጹሕ አየር ማግኘት አለበት። አዲስ የበር ጎማ የገጠመ ባለቤት ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ ቀድሞ በየክፍተቱ ሲገባ የነበረው ነፋስ አሁን የለምና፣ ከበሩ ጎማ በፊት የጭስ ማውጫው ይፈተሽ።

እድሳቱ ያለቀ ዕለት በሩ አልዘጋ ቢል አይደንግጡ። ቮልስ ጎማው ደኅና ሲሆን አየር የሚያስወጣበት ስለማይኖረው፣ አንዱን መስታወት በጣት ስፋት ካላወረዱለት በሩ በጥፊም አይዘጋም፤ ይህ ከፋብሪካ ሲወጣም የነበረ ጠባዩ ነው። ጎማውን በምላጭ መላጨት ወይም ማጠፊያውን ማላላት አያስፈልግም። በሮቹ ተዘግተው ለጥቂት ሳምንታት ቢቆዩ ጎማው ከላሜራው ጋር ይለማመዳል።