ሕጸጸ ጾር፦ «ዲሬቲንግ» ስለ ተባለው ቃል ማብራሪያ

በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋውን፣ ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን በአንድ መኪና ጭኖ፣ ሞተርሆም በሚሉት ተሽከርካሪ ቤት ከአገር አገር የሚዞር መንገደኛ ስለ ኤሌክትሪኩ ባለሙያ ባማከረ ጊዜ ዲሬቲንግ የሚል ቃል ይሰማል፤ ይኸውም አንድ መሣሪያ በግንባሩ ከተጻፈለት ኃይል ባነሰ ሸክም እንዲሠራ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። ለዚህ ቃል «ሕጸጸ ጾር» የሚል አቻ አቀርባለሁ፤ ነገር ግን ስሙ ከመሰየሙ በፊት ነገሩ ሊታወቅ ይገባዋል።

የመኪናው ሞተር በቺንጋ የሚያዞረው አልተርኔተር (ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 ሞዴሉ ቫሊያንት ላይ ከገጠመው ወዲህ እውነተኛውን ዲናሞ እያስወጣ የመጣ ቢሆንም፣ የእኛ መካኒኮች ዛሬም ዲናሞ ይሉታል) የተሠራለት ተግባር ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ ከባትሪው የወሰደውን በጥቂት ደቂቃ መመለስ፣ ከዚያም በኋላ መብራቱንና የዝናብ መጥረጊያውን መመገብ ነው። በላዩም 180 አምፔር ተብሎ ቢጻፍ፣ ቁጥሩ የተለካው በመሞከሪያ ክፍል፣ 25 ዲግሪ በሚያህል አየር፣ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲሽከረከር ነው እንጂ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲያጉረመርም፣ በጋለ ኮፈን ሥር ለሰዓታት የሚሰጠው መጠን አይደለም።

በሞተርሆም ውስጥ ግን ከዋናው ባትሪ ሌላ ለቤቱ የሚያገለግል ሁለተኛ ባትሪ አለ። የቀድሞው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እየሞላ በሄደ ቁጥር፣ ጠግቦ ከማዕድ እጁን እንደሚሰበስብ እንግዳ፣ የሚቀበለውን ያሳንሳል፤ ሊትየም አይረን ፎስፌት የተባለው አዲሱ ግን የውስጥ ተቃውሞው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ የቀረበለትን ሁሉ ይስባል። 400 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በ100 አምፔር ሲሞላ አራት ሰዓት ይፈጃል። 100 አምፔር በ14 ቮልት 1400 ዋት ነው፤ ተራ አልተርኔተር ከሞተሩ ከሚወስደው ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 55 እጅ ያህሉን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከ1000 ዋት የሚበልጥ፣ የአንድ የልብስ ካውያ ትኩሳት የሚያህል ሙቀት፣ በዚያች ሁለት እጅ በሚያቅፋት አካል ውስጥ ይቀራል። ማራገቢያውም በራሱ በመሣሪያው ዘንግ ላይ የተተከለ ነውና፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ነፋሱ ይደክማል፤ የባትሪው ረኃብ ግን አይደክምም። መዳብ በ100 ዲግሪ ሲግል ተቃውሞው ከመቶ 40 እጅ ያህል ስለሚጨምር፣ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ በፍጻሜውም የጥቅሎቹ ቫርኒሽ ይከስላል፣ ተመላላሹን ጅረት ቀጥተኛ የሚያደርጉት ዳዮዶች ይቃጠላሉ፣ የኩሽኔታውም ቅባት ይደርቃል። ባለንብረቱ ያን ጊዜ ዕቃው የማይረባ ነበር ብሎ ሠሪውን ያማል፤ እኔ ግን በደሉን በሠሪው ላይ ለመጣል አልደፍርም።

እንግዲህ ስለ ስሙ። «አቅም ቅነሳ» የሚለው ቀላል ትርጉም ለጆሮ ቢስማማም፣ የሚቀነሰው የመሣሪያው አቅም ሳይሆን የሚጫንበት ሸክም በመሆኑ አሳቡን ያዛባል። በግዕዝ ጾረ ማለት ተሸከመ ነው፤ ጾርም ሸክም። ሕጸጽን ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጨረቃ ወር ሁልጊዜ 30 ሆኖ ቢቈጠር ሒሳቡ ከሰማዩ ጋር ስለማይገጥም፣ በየሁለተኛው ወር አንድ ቀን ተነሥቶለት 29 ይሆናል፤ የሚነሣውም ቀን ሕጸጽ ይባላል። በአልተርኔተሩ ግንባር የተጻፈው 180 እንደዚያ እንደ ሙሉው 30 ነው፤ አስልቶ የማያነሣለት ሰው ይስታል።

አንድ ነቀፌታ እንደሚነሣብኝ አልዘነጋም፦ በአማርኛ ሕጸጽ ነውርና ጉድለት ማለትም ስለ ሆነ፣ መመሪያ መጽሐፉን የሚያነብ ገዢ ዕቃው ጉድለት ያለበት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በጋራዥ «ሸክም ቅነሳ» ቢባል አልቃወምም፤ በመጽሐፍ ግን ሕጸጸ ጾርን እመርጣለሁ።

ቅነሳውን በሥራ የሚፈጽመው በሁለቱ ባትሪዎች መካከል የሚገባው ከቀጥተኛ ወደ ቀጥተኛ ጅረት የሚሞላ ቻርጀር ነው፤ 30 ወይም 60 አምፔር ተብሎ የተወሰነለትን እንጂ ከዚያ በላይ አያሳልፍም። ሌላው መንገድ የአልተርኔተሩን ትኩሳት በሙቀት መለኪያ እየተከታተለ ማመንጨቱን የሚያለዝብ ተቈጣጣሪ መግጠም ነው። ቃሉም በዓረፍተ ነገር ሲገባ እንዲህ ይሆናል፦ «የዚህ ዲናሞ ጽሕፈቱ 180 ነው፤ ሕጸጸ ጾሩ 90 ሲነሣለት፣ ለረጅም ጉዞ የሚታመነው በ90 አምፔር ነው።»