ኤሊ የማን ወገን ናት?

የጎረቤቴ ልጅ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሰሞን የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። ጥያቄው የአምፊቢያን ምሳሌ ስጡ ይላል። እሷ «ኤሊ» ብላለች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞባታል።

«ኤሊ የብስም ላይ ውኃም ውስጥ ትኖር የለም እንዴ?»

እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩ፤ ስለ ኤሊ የማውቀው ተረቷን ነው። መቼም ልጅ ጠይቆ ዝም አይባልም፣ መጻሕፍት አገላበጥኩ። ለካስ ልጅቱ ብቻዋን አልተሳሳተችም!

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ፍጥረትን ሁሉ በየመደቡ ያሰፈረበትን «ሲስተማ ናቱሬ» የተባለ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1735 ሲያሳትም፣ ኤሊን ከእንቁራሪት፣ ከእንሽላሊትና ከእባብ ጋር «አምፊቢያ» በሚል አንድ ስም ሰበሰባቸው። ቃሉ ግሪክ ነው፤ ሁለት ዓይነት ኑሮ ያለው ማለት ነው። በ1758ቱ እትም ደግሞ ሻርክን ሳይቀር ጨመረበት። ገላቸው ቀዝቃዛ፣ ጠረናቸው መጥፎ፣ ድምፃቸው ሻካራ ነው ብሎ ተጸየፋቸው። የተጸየፉትን ነገር ደግሞ ቀርቦ የሚመረምር የለም።

በ1800 አሌክሳንድር ብሮንያር የተባለ ፈረንሳዊ ቀረብ ብሎ አየና እንቁራሪቶችን ለብቻቸው በአንድ ክፍል አስቀመጠ። በ1825 የአገሩ ልጅ ላትሬይ ሁለቱን ጭራሽ የተለያዩ መደቦች አደረጋቸው። ምክንያቱ የሚኖሩበት ቦታ ሳይሆን አወላለዳቸውና አስተዳደጋቸው ነው። እንቁራሪት ቅርፊት የሌለው እንቁላሏን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ልጅ ጭራ ያለው፣ እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍስ ነው፤ ሲያድግ መልኩ ይለወጣል። ቆዳዋ እርጥብ ነው፣ ትተነፍስበታለች። የኤሊ ቆዳ ግን ደረቅና ቅርፊታም ነው። ልጇም ገና ከእንቁላሉ ሲወጣ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ትንሽ ኤሊ ነው። ዕድሜዋን ባሕር ውስጥ የምትገፋው ኤሊ እንኳ እንቁላሏን ለመጣል አሸዋ ላይ ትወጣለች። በስምጥ ሸለቋችን ቁጥቋጦ ውስጥ የምትዞረው ዥጉርጉሯ ኤሊ ደግሞ ከነጭራሹ የየብስ ነች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እባብ፣ እንሽላሊትና አዞ ከዓይናቸው ኋላ የራስ ቅላቸው ላይ ክፍተቶች ሲኖሯቸው ኤሊ የላትም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከሁሉም ኋላ የቀረች፣ ጥንታዊ ፍጡር ተብላ ተቆጠረች። በ2012 እና በ2013 የወጡ የዘረ መል ጥናቶች ግን ከእንሽላሊት ይልቅ ለአዞና ለወፍ እንደምትቀርብ አሳዩ። በ2015 ደግሞ ጀርመን አገር የተገኘ፣ 240 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የኤሊ ቅድመ አያት አፅም ይፋ ሆነ፤ የራስ ቅሉ ክፍተቶቹ ነበሩት። ኋላ ቀር የተባለችው ኤሊ ለካስ የዶሮ ዘመድ ኖራለች!

ይህን ሁሉ ለልጅቱ ነገርኳት። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ሊኔየስ በዚያው በ1758ቱ መጽሐፍ ሰውንም በአራት ከፍሏል፤ ለያንዳንዱም ጠባይ ሰጥቶታል። አውሮፓዊው በሕግ የሚመራ ነው፤ አፍሪካዊው ሰነፍ፣ ተንኮለኛ፣ በዘፈቀደ የሚኖር። ይህን ሲጽፍ አፍሪካን ረግጧት አያውቅም። ኤሊን በመኖሪያዋ፣ እኛን በቀለማችን መደበን። እኛስ ብንሆን? ሰውን ገና ስሙን ስንሰማ፣ ሰፈሩን ስንጠይቅ፣ ጠባዩን ጭምር ጽፈን የምንጨርስ ስንት አለን?

ልጅቱ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «እሺ ጋሼ፣ እሱን ማን ሰረዘበት?» አለችኝ።

«ኋላ የመጡት ናቸዋ፤ የኤሊዋን ለመሰረዝ 90 ዓመት ፈጅቶባቸዋል» አልኳት። «የሰውን ግን ገና እየሰረዝን ነው።»