የንጉሥ ልጆች ሞግዚት
የማዳም ደ ማንትኖን ታሪክ

በፈረንሳይ አገር ኒዮር በምትባል ከተማ በ1635 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር ፍራንስዋዝ ዶቢኜ የምትባል ልጅ ተወለደች። ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዘመን ኹሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። አያቷ አግሪፓ ዶቢኜ የንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ወዳጅ፣ በጦርም በቅኔም ስሙ የተጠራ ፕሮቴስታንት ነበረ። አባቷ ኮንስታን ግን የአባቱን ስምና ሀብት የበተነ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጂቱ የተወለደችው እርሱ በእስር ቤት ሳለ ነው። በካቶሊክ ሥርዓት ብትጠመቅም ያሳደገቻት ፕሮቴስታንት አክስቷ ናት። በኋላ ግን ሌላ ዘመድ በመንግሥት ትእዛዝ ከአክስቷ እጅ ነጥቃ ሃይማኖቷን እንድትለውጥ ወደ ደናግል ገዳም አስገባቻት። ልጂቱም ብዙ ካስቸገረች በኋላ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለች።

ለድኻ ባላባት ልጅ በዚያ ዘመን የነበረው መንገድ ሁለት ብቻ ነበረ፤ ወይ ገዳም፣ ወይ ያለ ገንዘብ የሚያገባት ባል። በ1652 ዓመተ ምሕረት የ16 ዓመት ልጅ ሳለች ፖል ስካሮን የሚባለውን ደራሲ አገባች። ስካሮን ከእርሷ በ25 ዓመት የሚበልጥ፣ ደዌ አካሉን ያጎበጠው፣ ከወንበሩ የማይነሣ ሰው ነበረ። ስምንት ዓመት አስታመመችው፤ ከቤቱ ከማይታጡት ሊቃውንትም የአነጋገርን ጥበብ ተማረች። እርሱም በ1660 ዓመተ ምሕረት ሲሞት ከዕዳ በቀር ምንም አልተወላትም።

በ1669 ዓመተ ምሕረት ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ከዕቁባቱ ከማዳም ደ ሞንቴስፓን ልጅ ወለደ። ንጉሡ ሚስቱ ንግሥት ማሪ ቴሬዝ በሕይወት ሳለች፣ ሴቲቱም ባሏ ሳይሞት የሆነ ነገር ስለ ነበረ ልጁን መሰወር ግድ ሆነ። ምስጢር የምትጠብቅ ሞግዚት ሲፈለግ ሞንቴስፓን የስካሮንን መበለት መረጠች። መበለቲቱም ንጉሡ ራሱ ካላዘዘኝ አልቀበልም አለች፤ ንጉሡም አዘዘ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ በፓሪስ ዳር በቮዥራር መንገድ ቤት ተሰጣት። በኋላ ዘመን እርሷው እንደ ተናገረችው፣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ገብቶ ምስጢሩን እንዳያይ በመሰላል ወጥታ መጋረጃውን በገዛ እጇ ትሰቅል ነበረ።

ንጉሡ በመጀመሪያ እጅግ ጾመኛና ዐዋቂ መስላ ስለ ታየችው አልወደዳትም። በ1672 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው ሕፃን ሲሞት ግን ከወለደችው እናት ይልቅ ሞግዚቲቱ ስታለቅስ ባየ ጊዜ ልቡ ተለወጠ። በማግሥቱ ዓመት ልጆቹን የእኔ ናቸው ብሎ በሕግ አስታወቀ፤ ሞግዚታቸውም ከእነርሱ ጋራ ወደ ቤተ መንግሥት ገባች። በ1674 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ በሰጣት ገንዘብ የማንትኖንን ርስት ገዛች፤ ከዚያ ወዲያ በዚሁ ስም ተጠራች። እግሩ የሰለለውን የሜንን መስፍን ለሕክምና አስቀድማ ወደ አንትዌርፕ፣ በኋላም ወደ ፒሬኔ ተራራ ፍል ውሃ ይዛው ሄደች። ልጁም በእጇ ተይዞ እየተራመደ በአባቱ ፊት ቀረበ።

ማዳም ደ ማንትኖን ንጉሡን ስለ ነፍሱ ትመክረው፣ ወደ ንግሥቲቱም እንዲመለስ ትገፋፋው ነበረ። በዚህም ያስጠጋቻት ሞንቴስፓን ከንጉሡ ዘንድ ራቀች። ጠላቶቿ ይህን ውለታ መርሳት ነው አሉ፤ ወዳጆቿ ግን ንጉሡን ከኃጢአት ማውጣት ነው አሉ። ንግሥቲቱ በሐምሌ 1683 ዓመተ ምሕረት ሞተች። በዚያው ዓመት፣ በጎንደር ታላቁ ኢያሱ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ ንጉሡ የ45፣ እርሷ የ47 ዓመት ሰው ሳሉ፣ በሌሊት በቬርሳይ በካህን ፊት እንደ ተጋቡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ነገር ግን ጋብቻው በዐዋጅ አልተነገረም፤ የተጻፈ ማስረጃም አልተገኘም።

የትሬንት ጉባኤ በ1563 ዓመተ ምሕረት ጋብቻ በቆሞስና በምስክሮች ፊት እንዲሆን ደንግጎ ነበረ፤ በእኛም ፍትሐ ነገሥት ጋብቻ ያለ ካህናት ጸሎት እንዳይፈጸም ታዟል። ስለዚህ ምስጢረ ተክሊሉ በእግዚአብሔር ፊት የጸና ነው። በሰው ፊት ግን 32 ዓመት ሙሉ ሚስት ትሁን ዕቁባት ያልታወቀች ሴት ሆና ኖረች። ንጉሡ በእልፍኟ ከሚኒስትሮቹ ጋራ ሲመክር እርሷ የእጅ ሥራዋን ይዛ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበረ።

በ1685 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ አያቱ ሄንሪ ለፕሮቴስታንቶች የሰጣቸውን የናንት ዐዋጅ ሻረ፤ 200,000 ያህል ሰዎችም አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ሄንሪ የንጉሡ አያት፣ አግሪፓም የእርሷ አያት መሆናቸውን ያሰበ ሰው ነገሩ ይደንቀዋል። ዐዋጁን እርሷ አሻረችው የሚለው ወሬ ማስረጃ የለውም። አንድ ነገር ግን የታወቀ ነው፤ ከዚያ በፊት የዚያችው አሳዳጊ አክስቷ ልጅ በባሕር ጉዞ ላይ ሳለ ሴት ልጁን ከቤቱ ወስዳ ካቶሊክ አድርጋታለች። በልጅነቷ በእርሷ የተደረገውን በአሳዳጊዋ የልጅ ልጅ ላይ አደረገችው።

መልካሙ ሥራዋ ደግሞ በ1686 ዓመተ ምሕረት በሴን ሲር የተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። 250 የድኻ ባላባት ሴቶች ልጆች እስከ 20 ዓመታቸው ያለ ክፍያ ይማሩበት፣ ሲወጡም ለትዳር መቋቋሚያ 3,000 ሊቭር ይቀበሉ ነበረ። ባለቅኔው ራሲን አስቴርንና ጎቶልያን የጻፈው ለእነዚህ ልጆች ነው። አስቴር በ1689 ዓመተ ምሕረት በንጉሡ ፊት ሲታይ ውዳሴው ልጆቹን ስላኮራቸው፣ ጎቶልያን በ1691 ያለ ጌጥና ያለ ታላቅ ተመልካች እንዲጫወቱት አደረገች።

ንጉሡ በ1715 ዓመተ ምሕረት ሲሞት በዙፋኑ አጠገብ ስፍራ ስላልነበራት ወደ ሴን ሲር ሄዳ በተማሪዎቿ መካከል ተቀመጠች። በ1717 የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ ፓሪስ በመጣ ጊዜ ሊያያት ወደዚያው ሄደ። ሚያዝያ 15 ቀን 1719 ዓመተ ምሕረት በ83 ዓመቷ ዐረፈች። ትምህርት ቤቱም በአብዮቱ ዘመን በ1793 እስኪዘጋ ድረስ 107 ዓመት ቆየ።

ሕዝብ ንግሥት ብሎ አልጠራትም፤ እርሷም እንዲጠራት አልጠየቀችም። በስውር የተቀበለችው ክብር በስውር ቀረ። በግልጽ የቆየላት፣ ድኻ የነበረች ሞግዚት ለድኾች ልጆች የከፈተችው ቤት ነው፤ ወላጅ ከልጁ የተለየበትን ያንን አንድ ቤት ግን ታሪክ አብሮ ይቈጥርባታል።