«የሚደንሱ ዓይኖች»፦ ቡዳም የሚጥል በሽታም ያልሆነው ሕመም

ባለፈው ክረምት ቡራዩ የሚኖር የቀድሞ ጎረቤቴ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይህ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ» አለኝ። የዓመት ከመንፈቅ ሴት ልጁ መሄድ ከጀመረች በኋላ መውደቅ አበዛች። እጅና እግሯ ብርግግ ይላል፤ ዓይኖቿ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ይራወጣሉ። ጎረቤቱ «ዓይን በልቷት ነው» አለ። አንድ ክሊኒክ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት። ከሳምንታት በኋላ አዲስ አበባ ያየቻት ሐኪም ናት የሕመሙን ስም የጻፈችለት፦ ኦፕሶክሎነስ ማዮክሎነስ ሲንድረም።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ስለዚህ ሕመም አንብቤ የተረዳሁትን ለሌሎች ወላጆች ማካፈል ግዴታዬ መሰለኝ።

ምንነቱ

ሕመሙን እንደ አንድ ራሱን የቻለ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1962 በስድስት ሕፃናት ላይ አይቶ የገለጸው ማርሴል ኪንስቦርን የተባለ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ ዘንድ «የሚደንሱ ዓይኖች» የሚል ቅጽል አለው። በጣም ብርቅ ነው፤ በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት በዓመት ከአሥር ሚሊዮን ሰው ሁለት ያህል እንደሚያዝ አሳይቷል። አብዛኞቹ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ምልክቶቹ አራት ናቸው፦ ዓይን በየአቅጣጫው ያለ ፈቃድ መራወጡ፣ የጡንቻ መበርገግ፣ ሚዛን ማጣት፣ እንዲሁም ከፍተኛ ንጭንጭና እንቅልፍ ማጣት። ሁሉም በአንድ ቀን ላይታዩ ይችላሉ።

ከሚጥል በሽታ በምን ይለያል? ሕፃኑ እየተንቀጠቀጠም ራሱን አይስትም፤ እናቱን ያውቃል፣ ሲጠሩት ይሰማል። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራውም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

መንስኤው

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሕመም ከተያዙ ሕፃናት ግማሽ በሚሆኑት ሰውነት ውስጥ ኒውሮብላስቶማ የተባለ ዕጢ ተደብቆ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኩላሊት በላይ ባለው ዕጢ ወይም በአከርካሪ አጥንት ዳር ዳር። የሰውነት መከላከያ ዕጢውን ለመውጋት ሲነሣ በስህተት አንጎልን፣ በተለይም ሚዛንን የሚቆጣጠረውን ትንሹን አንጎል ይወጋል። በሌሎቹ ሕፃናት ሕመሙ ቫይረስ ካመጣው ሕመም በኋላ ሊከተል ይችላል።

ዕጢው ትንሽ ስለሚሆን የሽንት ምርመራ ብቻውን ላያገኘው ይችላል። የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ሕክምናው

ዕጢ ካለ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከዚያም በኋላ ግን የተሳሳተውን መከላከያ ማብረድ ግድ ነው፤ ለዚህ ስቴሮይድ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን እና ሪቱክሲማብ ይሰጣሉ። ስቴሮይድ ከሁለቱ በእጅጉ ይረክሳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን በድንገት አይቋረጥም። ዕጢው በአብዛኛው የሚድን ነው። የሚያስፈራው የንግግር፣ የትምህርትና የጠባይ ችግር ሆኖ የሚቀረው ጠባሳ ነው። ሕክምናው በዘገየ መጠን ጠባሳው እንዳይጸና ያሰጋል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

ዓይኑ ሲራወጥ በሞባይል ይቅረጹት፤ ሐኪም ፊት ምልክቱ ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ ካልሠራ ወደ ሕፃናት ነርቭ ሐኪም ሪፈር ይጠይቁ። ጠበል መሄድ የሚፈልግም ይሂድ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ያ ምክር እዚህም ይሠራል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የነርቭና የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ፍለጋ ግን ዛሬም ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ መምጣት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና አገልግሎት እያደገ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ለብርቅ ሕመም ሆስፒታል ይሠራ አልልም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ራሱን ያልሳተ፣ ዓይኑ የሚራወጥ ሕፃን ሲያይ በዚያው ቀን እንዲልክ ማሠልጠን ግን ምን ያህል ያስወጣል?

የጎረቤቴ ልጅ ሕክምና ጀምራለች። ያለፉትን ሳምንታት ግን የሚመልስላት የለም።