ከመሪ ልጅ እስከ ስማርት መነጽር፦ የዓይነ ስውራን መንገድ



ከይፋግ አካባቢ የመጡ አንድ አባት «ዶክተር፣ ለማያይ ሰው መንገድ የሚነግር መነጽር ወጥቷል አሉ፤ በሬዬን ሸጬ ለልጄ ልግዛለት?» ብለው ጠየቁኝ። ከመልሱ በፊት ታሪኩን እንይ።

በእኛ አገር ከድሮ ጀምሮ የነበረው ዘዴ በትርና መሪ ልጅ ነው። ልጁ የበትሩን ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ዓይነ ስውሩ ሌላውን ጫፍ ይዞ ይከተላል። ስንት የኔታ ደብር የተሳለሙት፣ ስንት አያት ገበያ የወጡት እንዲህ ነው። ችግሩ፣ መሪው ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል፤ የሚመራውም ሰው ያለ እሱ ከደጅ አይወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1921 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ፣ በአደጋ ዓይኑን ያጣው ፎቶ አንሺ ጄምስ ቢግስ መኪኖች እንዲያዩት በትሩን ነጭ ቀባው። በ1940ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሁቨር በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ረጅምና ቀላል በትር አዘጋጀ፤ አካሄዱንም አስተማረ። ቀኝ እግር ሲቀድም የበትሩ ጫፍ ግራውን ይነካል፤ ግራው ሲቀድም ቀኙን። ስለዚህ እግር የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ይዳሰሳል።

በትር ግን ከወገብ በላይ ያለውን አያገኝም። የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ፣ በአህያ የተጫነ እንጨት ፊትን ይመታል። በ1960ዎቹ ሌስሊ ኬይ የተባለ መሐንዲስ የሌሊት ወፍን ዘዴ ተከትሎ፣ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን የሚቀበል መሣሪያ ሠራ። መጀመሪያ እንደ ባትሪ በእጅ ይያዝ ነበር፤ በ1970ዎቹ መነጽር ላይ ተገጠመ። በ2 ሜትር ርቀት ካለ ነገር የሚመለሰው ድምፅ 0.012 ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ መሣሪያው ከዚህ ርቀቱን ያሰላል። ዛሬ በእጅ አንጓ ወይም በጫማ ላይ የሚደረጉ አሉ፤ እንቅፋት ሲቀርብ ይንቀጠቀጣሉ። ካሜራ ያላቸው መነጽሮች ጽሑፍ ያነባሉ።

ነገር ግን ብዙዎቹ ከእግር በታች ያለውን ቦይና ጉድጓድ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለዩም፤ ቻርጅ ሲያልቅም ዝም ይላሉ። በትር ቻርጅ አይፈልግም። ለዚህ ነው መሣሪያዎቹ ከበትር ጋር እንጂ በበትር ፋንታ የማይመከሩት።

ለአባትየው እንዲህ አልኳቸው፦ «አባቴ፣ በሬዎን አይሽጡ፤ መጀመሪያ ልጁን የዓይን ሐኪም ይየው።» በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005–06 በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በቀዶ ሕክምና በሚወገደው የዓይን ሞራ ነው። ሞራው በሕፃን ላይ ከሆነ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ከዘገየ አንጎል ማየትን ሳይለምድ ይቀራል።

የማይድን ከሆነም ልጁን ቤት አታስቀምጡት። ነጭ በትር ያዙለት፤ ከሚያውቅ አሠልጣኝ አካሄዱን ይማር፤ ትምህርት ቤት ይግባ። መነጽሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለሚያስፈልገው ወላጅ አጋሩት።