የጌይ መጻሕፍት በራስ መኰንን ቤት

ባለፈው ወር በንባብ ክበባችን ስለ ታሪክ ትምህርት ስንወያይ፣ «ቤተ መዘክር ምን ያደርጋል? ለጠገበ ከተማ የተሠራ ነገር አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከአንድ ወጣት ቀርቦ ነበር። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ውኃ በወረፋ የሚቀዳ ሰው ስለ አሮጌ ዕቃ ሲነገረው ፊቱን ቢያዞር አያስደንቅም። መልሱን በደፈናው ከምንሰጥ በአንዲት ከተማና በአንድ ቤት ላይ ቆመን ብናየው ይሻላል ብለን ሐረርን መርጠናል። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር የጻፍነው፣ በዚህ ሰፈር ዘመን የምንቆጥርበት መንገድ ልዩ ልዩ በመሆኑ ነው።)

ሐረርን ተወላጆቿ «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው፤ በምድር ላይ ሌላ ከተማ የሌለ ያህል። ቋንቋቸውም ጌይ ሲናን፣ የከተማይቱ ቋንቋ ነው። ጁገል የሚባለውን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ጥንታውያኑ በሮች አምስት ናቸው። በዚያች ጠባብ ሥፍራ 82 መስጊዶችና 102 የወልዮች መዘከሪያዎች ተቈጥረዋል፤ ዩኔስኮም በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሯል። ከተማይቱ የራሷ አሚሮች፣ መሐለቅ የሚባል የራሷም ገንዘብ ነበራት። በ1875 ግብፆች ያዟት፤ በ1885 ለቀው ሄዱ። በጃንዋሪ 1887 የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ድል ተነሡ፤ ከዚያም በኋላ ራስ መኰንን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1906 ድረስ አገሩን ገዙ።

ይህን ያህሉን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ሳይታወቅ የቆየው በየቤቱ የነበረው ነው። ሐረር የጸሐፊዎችና የደጓሾች ከተማ ነበረች። ቁርኣኑ፣ የሕጉና የጸሎቱ መጽሐፍ በእጅ ይገለበጣል፤ በቆዳ ይደጐሳል፤ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። ዘወትርም አይወጣም፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለበዓል ካልሆነ በቀር። እንግዲህ የከተማይቱ ታሪክ በሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ የከተማይቱ ልጅ የሩቅ አገር ወንዞችን ስም ሲሸመድድ ያድጋል። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን፣ ትምህርት ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይሂድ ተብለን ተምረናል። በእጃችን ይሰጡን የነበሩት የታሪክ መጻሕፍት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ነበር።

የቤተሰቡም ዝምታ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1948 ከሐረር የተላኩ ሰዎች ሞቃዲሾ ድረስ ሄደው አቤቱታ ካሰሙ በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ንብረት ተወረሰ፤ ቤተሰብ ተበተነ። በ1977 ደግሞ የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማይቱ አፋፍ ደረሰ። ዛሬ ሐረሪ በካናዳም አለ፤ በሌላም ባሕር ማዶ አለ። በዚህ ውስጥ ያለፈ ወላጅ ልጁ ስለ ጥንቱ ሲጠይቀው አፉን ቢይዝ ምን ይፈረድበታል? አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን ስለ ከተማቸው ሲጠይቁ፣ ታሪክ የለንም የሚል መልስ እንደተሰጣቸው ተናግረዋል። በዚህ ሰፈርስ ይኸንኑ መልስ ለልጁ የሰጠ ስንት አባት ይኖር ይሆን?

እኒህ ሰው መልሱን አልተቀበሉትም። በ1991 መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ባለሥልጣን ሳያዛቸው፣ መሰብሰብ ጀመሩ። የመጀመሪያ ፍለጋቸው የቆየ የሐረሪ ዘፈን የተቀዳባቸውን ክሮችና የጥንት የጦር መሣሪያዎችን ነበር፤ ቀጥሎም ወደ መጻሕፍቱ ዞሩ። ሰው ተጠራጠራቸው። መጠራጠሩም ልክ ነው እንላለን፤ አሮጌ መጽሐፍ ፈልጎ ደጅ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሻጭ ወይም የሻጭ ደላላ ነውና። ስለዚህ በገንዘባቸው ገዙ። ነገሩን የለወጠው ግን ገንዘቡ አልነበረም። የተቀደደውን ገጽ ሲጠግኑ፣ የተበተነውን ሲያሰናዱ፣ የሰበሰቡትንም ከከተማይቱ ሳያወጡ ለሰው ሲያሳዩ ታየ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ዕቃውን በፈቃዱ ያመጣ ጀመር። በ1998 በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ቤተ መዘክር ከፈቱ። የእጅ ጽሑፎቹ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሲሆኑ፣ ፎቶግራፋቸውም በኮምፒዩተር ተቀምጧል፤ ቃጠሎ ወይም ምስጥ ቢመጣ ቃሉ እንዳይጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልን። ብዙ ቤተ መዘክር በአዋጅ ይቋቋማል፤ ዕቃውም በትእዛዝ ይሰበሰባል። ያ መጥፎ ነው አንልም። ዳሩ ግን በትእዛዝ የተሰበሰበ ዕቃ መግለጫው አጭር ነው፦ «ጋሻ። የጥንት።» ባለቤቱ በእጁ ያመጣው ዕቃ ግን የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ሠርግ እንደወጣ፣ ለምን ጠርዙ እንደተቃጠለ ከነታሪኩ ይመጣል።

በ2007 ስብስቡ ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ፤ ነገራችን የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ቤቱ የራስ መኰንን ነበር። በጁገል ውስጥ የሚገኝ፣ የሕንድ አናጢዎች እጅ የሚታወቅበት ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ ልጃቸው ተፈሪ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት፣ የጫጕላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት እንደሆነ ይነገራል፤ ሰዉም የራስ ተፈሪ ቤት ይለዋል። ዘመን ሲለወጥ ቤቱ አርጅቶ የባህል ሐኪም ሕመምተኛ የሚቀበልበት ሆኖ ነበር። በኋላ ታድሶ የአሚሮቹን ከተማ መጻሕፍት፣ ገንዘብና ጌጥ ተረከበ። እንግዲህ የጨለንቆ ድል ያመጣው ገዥ ቤት፣ በጨለንቆ ድል የተነሡትን ሰዎች መዝገብ ይጠብቃል።

አንዳንዱ ይህን እንደ ካሣ ያየዋል፤ ሌላው ደግሞ የአሚሮቹን መጽሐፍ ለማየት የራሱን ደረጃ መውጣት ያስቈጨዋል። እኛ በክበባችን ውስጥ በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ መስማማትም ግዴታ አይመስለንም። ቤቱ አልፈረሰም፤ መጽሐፉም አልተሰደደም። ከጨለንቆ በየትኛው ወገን ከተሰለፈ ሰው ቢወለድ፣ ልጁ በአንድ ደጃፍ ገብቶ ሁለቱንም ያያል፤ ከዚያ ወጥቶ መከራከር የራሱ ፈንታ ነው። ለከተማ ይህ ትንሽ አገልግሎት አይደለም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከአባታቸው የወረሱትን የብራና ዳዊት ለተዘዋዋሪ ነጋዴ ሸጡ፤ በገንዘቡም ለልጃቸው መድኃኒት ገዙ። ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። እኛን የቈጨን ሌላ ነው። በዳዊቱ ኅዳግ ላይ የቤተሰቡ ልደት፣ ጋብቻና የመሬት ውል ይጻፍ ነበር፤ መጽሐፉ ከመሄዱ በፊት ያንን የገለበጠ ሰው አልነበረም። መገልበጡ የሚጠይቀው አንድ እስክርቢቶና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ክበባችን አንድ መዝገብ ከፍቷል፤ በማታ ትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ዕቃ አንረከብም፤ ዕቃው ከባለቤቱ ዘንድ ይቆያል፤ ዋጋውንም አንጠይቅም። የቤት ቁልፍ፣ የመሬት ወረቀት፣ ካሴት፣ የምስክር ወረቀት፣ ኪታብ፣ ዳዊት፣ ማንኛውንም ያላችሁ አምጡና አሳዩን፤ የማን እንደነበረና ከየት እንደመጣ በቃላችሁ እንጽፋለን፤ በላዩ የተጻፈም ካለ እንገለብጣለን። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በጌይ ሲናን የሚጽፉ ሰዎች ተገኝተዋል። ዘወትር ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እኒያ እናት ከዳዊቱ ኅዳግ የሚያስታውሱት ሰፍሯል፤ ሦስት ስምና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ታላቅ ወንድማቸው በሌላው ሰፈር ስላሉ፣ የቀረውን ከእርሳቸው ለመጠየቅ ደብዳቤ ተልኳል።